«ተወንጫፊ» ስንል የቱን ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንድ ጽሁፍ እየተረጎምኩ ነው እና የጀርመኖቹን ቪ-1፣ ቪ-2 እና ፍሪትዝ-ኤክስ የሚባሉ የጦር መሳሪያዎች ሦስቱንም «ተወንጫፊ» ብዬ አለፍኳቸው። ጓደኛዬ አንብባው «ይሄ ልክ አይመስለኝም» አለችኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ እህቴ ጓደኛሽ እውነቷን ነው። ቃሉ የመጣው ከወንጭፍ ነው፣ ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፉን አዙሮ ከለቀቀው በኋላ ድንጋዩን ማንም አይመራውም፣ የት እንደሚያርፍ የሚወሰነው ሲለቀው ነው። ስለዚህ ከሦስቱ በደንብ የሚስማማው ቪ-2 ለሚባለው ሮኬት ነው ባይ ነኝ። የቪ-2 ሞተር የሚሰራው አንድ ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው፣ በዛች ደቂቃ ውስጥ ጋይሮስኮፖቹ (እየተሽከረከሩ አቅጣጫ የሚለዩ መሳሪያዎች) ከመስመር ሲወጣ እየለዩ እሳቱ የሚወጣበት ጋ ያሉትን የግራፋይት ክንፎች እያዞሩ ያቃኑታል፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ግን ሽቅብ ወጥቶ 300 ኪሎሜትር ምናምን ርቆ መውደቅ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 1944 ለንደን ላይ ሲወድቅ ከድምፅ ስለሚፈጥን ሰው መጀመሪያ የሰማው ፍንዳታውን ነው። እንዲህ አይነቱን «ባሊስቲክ ሚሳኤል» ይሉታል፣ ባሊስቲክ የሚለውም በግሪክኛ መወርወር ከሚለው ስለመጣ ወንጭፋችን ከሱ ጋር ይሄዳል። አንድ ነገር ግን አደራ፣ «ጀርመን የሰራችው» ብለሽ ብቻ አትለፊው፣ ኖርድሃውዘን የምትባል የጀርመን ከተማ አጠገብ ተራራ ውስጥ በተቆፈረ ፋብሪካ የገጣጠሙት ዶራ የሚባለው የናዚዎች ማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ናቸው፣ በሺዎች የሚቆጠሩትም እዛው አልቀዋል።

ቪ-1 ሌላ ነው። ክንፍ አለው፣ ሞተሩ በጉዞው ሁሉ ይሰራል፣ አፍንጫው ላይ ያለች ትንሽ ፕሮፔለር በነፋስ እየዞረች የሄደበትን ርቀት ትቆጥራለች፣ ቆጠራው ሲያልቅ አፍንጫውን ወደ መሬት ይደፋል። ሲደፋ ሞተሩ ዝም ይል ስለነበር የለንደን ሰው ድምፁ ሲቋረጥ ነበር መሬት ላይ የሚተኛው። እሱን «በራሪ ቦምብ» በይው፣ እንግሊዞቹም እንደዛ ነው የሚሉት።

ፍሪትዝ-ኤክስ ላይ ግን «ተወንጫፊ» ጭራሽ አይሄድም። ሞተር የለውም እኮ! 1400 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ቦምብ ነው፣ ከአውሮፕላን ይለቀቃል፣ ጅራቱ ላይ ደማቅ መብራት ይበራል፣ አውሮፕላኑ ውስጥ የተቀመጠው ሰው መብራቱንና ሊመታ የፈለገውን መርከብ በአይኑ አንድ መስመር ላይ እያስተያየ በትንሽ ጆይስቲክ በሬዲዮ ወደ ግራ ወደ ቀኝ፣ ወደፊት ወደኋላ ይለዋል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 1943 ጣልያን ጦርነቱን ማቆሟ በተነገረ ማግስት ሮማ የምትባለውን የጦር መርከቧን ሁለቴ መቷት ጥይት ማከማቻዋ ፈንድቶ ሰጠመች፣ ከ1200 በላይ ሰው ሞተ። እንግዲህ እዚህ ላይ ሰው አለ፣ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ እያየ የሚመራ። «የሚመራ ቦምብ» ማለት ይሄ ነው።

ሌላ አባል፦ እስማማለሁ፣ ግን «የሚመራ» ስንል ምን ያህል? አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1944 በርማ ላይ ድልድይ የመቱበት አዞን (AZON) የሚባል ቦምብ ወደ ግራና ቀኝ ብቻ ነው የሚታጠፈው፣ ርቀቱን ማስተካከል አይቻልም። ድልድይና ባቡር ሃዲድ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ በቃ ግራና ቀኙ በቂ ነው።

መልስ፦ አዞንም የሚመራ ነው፣ በግማሽም ቢሆን ከተለቀቀ በኋላ ሰው ስለሚደርስበት። እኔ የምለየው በዚህ ነው፣ ከተለቀቀ በኋላ ትእዛዝ ይቀበላል ወይስ አይቀበልም?

ጠያቂዋ፦ ተባረኩ! ሦስቱንም ለያይቼ አስተካክላለሁ። አንድ ልጨምር፣ እንግሊዝና አሜሪካ በኋላ የነፍሪትዝን ሬዲዮ የሚረብሽ መሳሪያ መርከብ ላይ ጫኑ ይላል፣ ይሄን «ጃም አደረጉ» ልበል?

መልስ፦ «ሞገዱን አፈኑት» በይ። ሬዲዮ ጣቢያ ሲታገድ የምንለው እሱኑ አይደል፣ ሰዉ ወዲያው ይገባዋል።