የወንጀል ልቦለዴ ክሬዲት ፍሪዝ ላይ ቆመብኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ናችሁ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የሚካሄድ የወንጀል ምርመራ ልቦለድ እየጻፍኩ አንድ ቦታ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። መርሳት የጀመራቸው እናት አሉ፣ ተንከባካቢያቸው ኪኒን ትቀንስባቸዋለች፣ ልጃቸው ስትደውል ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ እላያቸው ላይ ትቆማለች (ይቺን ክፍል ወድጃታለሁ)፣ ከዛ በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራቸው ክሬዲት ካርድ ልታወጣ ነበር። ግን ልጅየውን ንቁ አድርጌ ስለሳልኳት የእናቷን ክሬዲት ፍሪዝ አስደርጋለች (በስማቸው አዲስ ብድር እንዳይከፈት የብድር ታሪካቸውን ማስቆለፍ ማለት ነው)፣ አሜሪካ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ በነጻ ነው፣ የብድር ታሪክ በሚይዙት በሶስቱም ቢሮዎች ከተዘጋ ደግሞ አዲስ ካርድ ማውጣት ጭንቅ ነው። ተንከባካቢዋ ውክልና ታስፈርማቸው እንዳልል ኖተሪም (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) ምስክርም ይጠይቃል፣ ያን ሁሉ ሰው ማታለሏ ለራሴም አልዋጥልህ አለኝ። ባንክ ወይ ሆም ኬር የምትሰሩ እስቲ፣ የድሮውን የባንክ አካውንታቸውን ብትነካ መርማሪው መጀመሪያ በምን ይነቃባታል? በአድራሻ ለውጥ ወይስ በኤቲኤም ካሜራ?