ፒንሆል ካሜራ፦ ቀዳዳውን ስናጠበው ምስሉ ለምን ባሰበት?

የቡራዩ ክበብ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከዱቄት ወተት ጣሳ ፒንሆል ካሜራ (ሌንስ የሌለው፣ በጠባብ ቀዳዳ ብቻ ምስል የሚያነሳ) ሠርተናል። ከቀዳዳው እስከ ፎቶ ወረቀቱ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ቀዳዳው 0.5 ሚሊ ሜትር ሳለ 15 ሜትር ርቆ ያለው የቆርቆሮ አጥር መስመሩ ፈዘዝ ብሎ ይታይ ነበር። ይጠራል ብለን ወደ 0.1 ስናወርደው አጥሩ ጭራሽ አንድ ወጥ ግራጫ ሆነ። ቀዳዳ ሲጠብ ምስል ይጠራል አይደል የሚባለው?

ሞገድ፦
ይጠራል፣ ግን እስከ ወሰኑ ድረስ ነው። ብርሃን ሞገድ ስለሆነ ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር አልፎ ሲወጣ ይበልጥ ይሰፋል፤ ዲፍራክሽን ማለት ይኸው ነው። አንዲት ነጥብ ወረቀቱ ላይ የምትጥለው ክብ ስፋቱ 2.44 × የሞገድ ርዝመት × ርቀት ÷ የቀዳዳው ስፋት ነው። በእናንተ ጣሳ (የሞገድ ርዝመቱ 0.00055፣ ከቀዳዳው እስከ ወረቀቱ 100 ሚሊ ሜትር)፦ 2.44 × 0.00055 × 100 ÷ 0.1 = 1.3 ሚሊ ሜትር። የቆርቆሮው ጉብታ ከጉብታ 7.6 ሳንቲ ሜትር ቢራራቅ፣ አጥሩ 15 ሜትር ርቆ ስላለ ወረቀቱ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ መስመሮቹ እርስ በርስ ይዋጣሉ። ተስማሚውን ቀዳዳ ለማግኘት የርቀቱንና የሞገድ ርዝመቱን ብዜት ስኩዌር ሩት በ1.9 አባዙ፤ 0.45 ይመጣል።

ጨለማ ክፍል፦
ስሌቱ ልክ ነው፣ የሞገድ ርዝመቱ ግን የአረንጓዴ ነው። ተራ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀት በዋናነት ሰማያዊ ነው የሚያየው። 0.00045 አስገቡ፣ 0.40 ይሆናል። ደግሞ ጣሳውን ራሱን አትብሱ፣ ወፍራም ነው፤ በሰያፍ የሚገባውን ብርሃን ስለሚከልል የምስሉ ዳር ይጨልማል። ጣሳው ላይ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ከፍታችሁ ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ የተቆረጠ ስስ ቁራጭ በጥቁር ናስትሮ ለጥፉበት። ቁራጩን ካርቶን ላይ አድርጋችሁ በመርፌ ጫፍ ብቻ ጫን በሉ፣ በጀርባው የወጣችውን ጉብታ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፍቁ፣ ገልብጣችሁ ድገሙት። ጠርዙ ላይ ፍንጣሪ ከቀረ ስሌቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ስፋቱን በዓይን አትገምቱ፤ ኮፒ ቤት በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 1200 ፒክስል) ስካን ይደረግ፣ 0.40 ማለት 19 ፒክስል ነው።

የእንጦጦ ጥላ፦
የማንሻ ጊዜውንም አትርሱ። በጠራ ፀሐይ፣ የፍጥነት ቁጥሩ (ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት፣ አይኤስኦ) 6 ለሆነ ወረቀት 0.40 ቀዳዳ 40 ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል፤ 0.1 ደግሞ 16 እጥፍ፣ ወደ 11 ደቂቃ። ያን ያህል ሲቆይ ነፋስ የባሕር ዛፉን ቅጠል ያወዛውዘዋል፣ ጣሳውም ከተነቃነቀ ብዥታው ከዲፍራክሽን ይምጣ ከንቅናቄ መለየት አይቻልም። ጣሳው ላይ ድንጋይ ጫኑበት፣ ብርሃን ለማስገባት ቀዳዳውን የሸፈነውን ናስትሮም ቀስ ብላችሁ አንሱ።