የአሜሪካ አብዮት መሪዎች መንግሥት የመሠረቱት የት ተሰብስበው ነው?

መምህር ዘደሴ
ሰላም ለሁላችሁ። ለትምህርት ቤቶች የታሪክ ጥያቄና መልስ ውድድር እያዘጋጀን ነው። «የአሜሪካ አብዮት መሪዎች መንግሥት ለመመሥረት የተሰበሰቡት የት ነው?» ለሚለው አንዱ ጽሑፍ ካርፔንተርስ ሆል፣ ሌላው ኢንዲፔንደንስ ሆል፣ ሦስተኛው ኒውዮርክ ይላል። ዳኛው የቱን ይቀበል? ዓመቱንስ በእኛ አቆጣጠር እንዴት እናስገባ?

የሐይቁ
አብሽር መምህር! ጥያቄውን ክፈሉት እንጂ ሦስቱም መሠረት አላቸው።

ካርፔንተርስ ሆል በ1774 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው አህጉራዊ ኮንግረስ የተቀመጠበት የፊላደልፊያ አናጢዎች ማኅበር አዳራሽ ነው። ከጆርጂያ በቀር 12 ቅኝ ግዛቶች ልዑካን ልከዋል። ግን መንግሥት ሊመሠርቱ አልመጡም፤ ለንጉሡ አቤቱታ ጻፉ፣ የእንግሊዝ ሸቀጥ እንዳይገባ ተስማሙ።

ኢንዲፔንደንስ ሆል ያኔ የፔንሲልቬንያ ምክር ቤት ነበር። ሁለተኛው ኮንግረስ ከሜይ 1775 ጀምሮ የተሰበሰበው እዚያ ነው፤ የነፃነት አዋጁም በ1776 እዚያው ጸደቀ። በ1787 ደግሞ ሕገ መንግሥቱን 55 ልዑካን መከሩበት፣ 39 ፈረሙ። ሮድ አይላንድ ከነጭራሹ አልመጣችም። «ዛሬ ያለው መንግሥት የተነደፈበት» ካላችሁ መልሱ ይኸው ነው። ኒውዮርክ ንድፉ ሥራ የጀመረባት ናት፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ኤፕሪል 30 ቀን 1789 ቃለ መሐላ የፈጸመው በፌዴራል ሆል ሰገነት ላይ ነው።

ቦሩ ሜዳ
ዮርክን ዘላችኋት እኮ! የመጀመሪያው የጋራ መንግሥት ሰነድ፣ የኮንፌዴሬሽን አንቀጾች፣ ኖቬምበር 15 ቀን 1777 በኮንግረሱ የጸደቀው በዮርክ፣ ፔንሲልቬንያ ነው። ሥራ ላይ የዋለው ግን ሁሉም ግዛቶች ፈርመው ሲያበቁ፣ ማርች 1781 ነው። ተማሪ እነዚህን ሁለት ዓመታት ያምታታል፤ በጥያቄው ላይ «የጸደቀው» ወይም «የጸናው» ብላችሁ ለዩት።

ዮርክ የደረሱት የእንግሊዝ ጦር ፊላደልፊያን ሊይዝ ሲቃረብ ሸሽተው ነው። ላንካስተር አንድ ቀን ብቻ ተሰበሰቡና ሰስኬሃና ወንዝን ተሻገሩ፤ ወንዙ ከጠላት ይጋርዳቸዋል። በጁን 1783 ደግሞ ደመወዝ ያልተከፈላቸው የራሳቸው ወታደሮች ምክር ቤቱን ከበቡ፤ ፔንሲልቬንያ ሚሊሻዋን አልጠራም ስትል ኮንግረሱ ወደ ፕሪንስተን ሄደ። ከዚያ አናፖሊስ፣ ትሬንተን፣ ኒውዮርክ። ሕገ መንግሥቱ ለዋና ከተማው ከግዛቶች ሥልጣን ውጭ የሆነ መሬት እንዲኖር የፈቀደው ያንን ከበባ ባልረሱ ሰዎች እጅ ነው። ለውድድር ከአዳራሽ ስም ይልቅ ይሄ የተሻለ ጥያቄ ይወጣዋል።

የወረኢሉ
ስለ ዓመቱ፦ ከእኛ አዲስ ዓመት በፊት ከሆነ 8፣ በኋላ ከሆነ 7 ቀንሱ። የውጫሌ ውል በሜይ 1889 ስለተፈረመ 1881 እንደምንለው ማለት ነው።

ካርፔንተርስ ሆል ላይ ተጠንቀቁ። ጉባኤው የተከፈተው ሴፕቴምበር 5 ነው፤ በእኛ ጳጉሜን 2 ቀን 1766። የተዘጋው ኦክቶበር 26 በመሆኑ 1767 ገብቷል። ዳኛው ሁለቱንም ዓመት ይያዝ።

በስልክ ላይ የቀን መቀየሪያ ከሌለ የዛሬውን ቀን አቻ ወደ ኋላ አትውሰዱ። ጁላይ 4 ዛሬ ሰኔ 27 ቢውልም በ1776 ሰኔ 29 ነበር። ፈረንጆቹ በ1800 እና በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን ስላልቆጠሩ የሁለት ቀን ልዩነት ተጨምሯል።

መምህር ዘደሴ
አላህ ይስጣችሁ። ጥያቄውን ለሦስት ከፍለነዋል፤ የዮርኩ ለማጣሪያ ዙር ይከብዳል፣ ለፍጻሜው አስቀመጥነው።