ከውጭ የሚመጣ ስልክ እኛ ጋ ኔትወርክ ይይዝ እንደሆነ ሳልገዛው በምን ልወቅ?

ሰማያዊ ወፍ

ሰላም ቤተሰብ። አንድ ያገለገለ ሺያኦሚ ከውጭ ሊመጣልኝ ነው። ሻጩ «ፎርጂ ነው፣ ሎክ የለውም፣ ግሎባል ነው፣ የትም አገር ይሰራል» ብሎኛል። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። የሥራ ባልደረባዬ በዚሁ ቃል ተማምኖ የገዛው ስልክ ቢሮ ውስጥ ኢንተርኔቱ ይበራል፣ ከከተማ ወጣ ሲል ግን ኔትወርክ ሲፈልግ ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሳል። ዝርዝሩን ኢንተርኔት ላይ ለማየት ሞከርኩ፤ ባንድ 3፣ ባንድ 41፣ 1800፣ 2100... ምኑን ከምኑ እንደማዛምድ ግራ ገባኝ። ስልኩ እጄ ላይ የለም፣ ብሩንም አልከፈልኩም። የሚያውቅ ይንገረኝ።

ዝም ባይ

ምን ያስጨንቅሃል፣ ሲመጣ ሲምህን ክተትና እየው። ኔትወርክ ከያዘ ያዘ ነው።

አንቴና77

ዝም ባይ፣ ሲመጣማ ብሩ ወጥቷል እኮ። ደግሞ አንድ ቦታ ላይ መያዙ ብዙም አይነግርህም። የጠያቂው ባልደረባ ስልክም እኮ ቢሮ ውስጥ ይዟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ኦፕሬተር ፎርጂን በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ አያሰራጭም፤ ሁለት ሦስት አንዳንዴም ከዚያ በላይ ባንድ (ቁጥር የተሰጠው የፍሪኩዌንሲ ክልል) ይጠቀማል። ከፍ ያሉት፣ ለምሳሌ ባንድ 3 (1800 ሜጋኸርዝ) እና ባንድ 7 (2600)፣ ብዙ ሰው ባለበት ቦታ ፍጥነት ይሰጣሉ ግን ሩቅ አይሄዱም፣ ግድግዳም ያዳክማቸዋል። ዝቅ ያሉት፣ ባንድ 20 (800)፣ ባንድ 8 (900)፣ ባንድ 28 (700)፣ ሩቅ ይደርሳሉ፣ ቤት ውስጥም ይገባሉ። ስልክህ ከፍተኛዎቹን ብቻ ካወቀ መሃል ከተማ ላይ ምንም ችግር አታይም፣ ወጣ ስትል ነው ጉዱ የሚመጣው። ስለዚህ መጀመሪያ ማየት ያለብህ ዝቅተኛውን ባንድ ነው። ሌላው ቢጎድል ፍጥነት ቢቀንስብህ ነው፣ እሱ ከጎደለ ግን ስልኩ ሽፋን ያጣል።

ሌላው፣ በሜጋኸርዝ አታዛምድ። በባንድ ቁጥር አዛምድ። «700» የሚባለው ባንድ 12ም፣ 13ም፣ 17ም፣ 28ም ነው፣ ግን አንዱን የሚይዝ ስልክ ሌላውን ይይዛል ማለት አይደለም። ባንድ 4 ደግሞ የባሰ ነው፤ ስልኩ የሚቀበለው በ2100 አካባቢ ነው፣ የሚልከው ግን በ1700፣ ስለዚህ «2100 አለው» ተብሎ ከባንድ 1 ጋር ሲምታታ ብዙ አይቻለሁ።

የኦፕሬተርህን ባንዶች ከራሱ ድረ ገጽ ወይም ከደንበኞች አገልግሎት ጠይቅ። የስልኩን ከአምራቹ ገጽ አውጣ። ጂኤስኤም አሬና የሚባለው የስልክ ዝርዝር የሚያወጣ ድረ ገጽ ላይም አለ፣ ግን እዚያ አንዱ ስልክ ሥር የተለያዩ አገሮች ዝርዝር ተደርድሮ ስለሚገኝ የራስህን ሞዴል ለይተህ አንብብ።

ጥገና ላይ ነኝ

አንቴና ጥሩ ብሏል፤ እኔ ሞዴል ቁጥሩ ላይ ልጨምር። የስልኩ ስም ምንም አይጠቅማችሁም። አንድ ስም ይዞ ለተለያየ ገበያ የተሰራ ስልክ ውስጡ ይለያያል። ሳምሰንግን ብታዩ ኤስ23 ለብዙ አገር የሚወጣው ኤስኤም-ኤስ911ቢ ነው፣ የአሜሪካው መጨረሻው ዩ ነው፣ የኮሪያው ኤን። አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ጄኔራል፣ አባውት ግቡና ሞዴል ነምበር የሚለውን አንዴ ንኩት፤ በኤ የሚጀምር ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ይመጣል፣ የሚፈለገው እሱ ነው። እዚያው ገጽ ላይ ሎክ መሆን አለመሆኑም ተጽፏል። ሎክ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሎክ የሌለው ስልክ የማንንም ሲም ይቀበላል እንጂ የማንንም ባንድ ይይዛል ማለት አይደለም። ሻጮች ሁለቱን ሆን ብለው ይሁን ባለማወቅ ያቀላቅሉታል።

«ግሎባል ነው» የሚለው ቃል ላይ ደግሞ ተጠንቀቅ፣ በተለይ ሺያኦሚ ከሆነ። ለቻይና ገበያ የተሰራ ስልክ ላይ ግሎባል ሶፍትዌር ይጭኑበታል። ሜኑው ያምራል፣ ጎግል ፕሌይ አለው፣ ቋንቋው ሞልቷል። ውስጡ ግን ያው ነው። ባንድ የሚወሰነው በአንቴናውና ቦርዱ ላይ ባሉት ፊልተሮች (አንዱን ፍሪኩዌንሲ ከሌላው የሚለዩ ክፍሎች) ነው፤ የሌለ ፊልተር በሶፍትዌር አይበቅልም። ባንድ 20 የሌላቸው የቻይና ሞዴሎች ብዙ ነበሩ። ሻጩ ሳጥኑ ላይ ያለውን ስቲከርና የአባውት ገጹን ፎቶ አንስቶ ይላክልህ፣ ሁለቱ ካልተገጣጠሙ ተወው።

አንድ ነገር ሁሉም የሚረሳው፦ ቮልቲ፣ ማለትም ጥሪውንም በፎርጂ ማድረግ። ዳታው በፎርጂ እየሰራ ጥሪ ሲመጣ ወደ ስሪጂ ወይም ቱጂ የሚወርድ ስልክ አለ። ኦፕሬተርህ የድሮዎቹን ኔትወርኮች እስካልዘጋ ድረስ አይታወቅህም። አሜሪካ ውስጥ ኤቲ ኤንድ ቲ በ2022 ስሪጂን ሲዘጋ በፎርጂ ጥሪ ማድረግ የማይችሉ ስልኮች ለመደወል የማይሆኑ ሆነው ቀሩ። ቮልቲ ደግሞ በስልኩ ብቻ አይወሰንም፣ ኦፕሬተሩ ያንን ሞዴል የተቀበለው መሆን አለበት። እሱን ኦፕሬተሩን ራሱን ነው የምትጠይቀው።

ሰማያዊ ወፍ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ኦፕሬተሬን ጠየቅኩ፣ የፎርጂ ባንዶቹ 3፣ 7 እና 20 ናቸው አሉኝ። ሻጩ የላከው ፎቶ ላይ ያለውን ሞዴል ቁጥር ስፈልግ የቻይና ሆኖ ተገኘ፦ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 8 አለው፣ ከዚያ 34 እና 38 እስከ 41። 20 የለም። ባንድ 8 ስላለው አይተካውም? እሱም ዝቅተኛ ነው አላችሁ።

አንቴና77

አይተካም። ባንድ 8 የሚጠቅምህ ኦፕሬተርህ በባንድ 8 ፎርጂ ቢያሰራጭ ነበር። በ900 ቱጂ ወይም ስሪጂ ካለው ከከተማ ውጪ መደወል ትችል ይሆናል፣ ኢንተርኔቱ ግን ያው የባልደረባህ ነው የሚሆነው። ከሰፈርህ የማትወጣ ከሆነና ዋጋው በጣም ከረከሰ ያንተ ምርጫ ነው፤ እኔ ብሆን አልገዛውም።

ዝም ባይ

እሺ ተሸነፍኩ 😄 ግን እጅ ላይ ያለ ስልክ ሲሆን የትኛውን ባንድ እንደያዘ ማየት ይቻላል?

ጥገና ላይ ነኝ

ይቻላል። ብዙ ሳምሰንጎች ላይ *#0011# ስትደውል የያዘውን ባንድ ያሳይሃል፣ አይፎን ላይ *3001#12345#* ነው። ከዚያ ቤት ውስጥም ውጪም እየተዘዋወርክ እየው፣ ቁጥሩ ይቀያየራል። ፎርጂ እያሳየ ደውልና ምልክቱ ወደ ስሪጂ ይወርድ እንደሆነም ተመልከት። ያገለገለ ስልክ ከሆነ *#06# ብለህ የሚመጣውን ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ሳጥኑ ላይ ካለው ጋር አስተያየው፤ እሱ ከባንድ ጋር አይገናኝም፣ ስልኩ የራሱ ሳጥን ይኑረው አይኑረው ለማወቅ ነው።

ሰማያዊ ወፍ

ለሻጩ «ባንድ 20 ያለው ሞዴል ካለህ ቁጥሩን ላክልኝ፣ ከሌለህ ይቅር» ብዬ ጻፍኩለት። «ባንድ ምንድነው?» አለኝ።