ለጣይ ዶሮዎቼ ፕሪባዮቲክ (ለአንጀት ጤና መኖ ላይ የሚጨመር) ጀምሬ ለውጥ አጣሁ፤ ልቀጥል ወይስ ላቁም?

ጤና ይስጥልኝ። ግራ ገብቶኛል፣ እባካችሁ እርዱኝ።

200 ጣይ ዶሮዎች አሉኝ፤ 62 ሳምንት ሆኗቸዋል። ሰሞኑን ኩሳቸው ቀጠነ። ጠዋት እንቁላል ስለቅም ብዙው በኩስ ተለውሶ ነው የማገኘው። አንዳንዱማ ቅርፊቱ ከመሳሳቱ የተነሳ እጄ ላይ ይሰነጠቃል። እንዲህ ሳያቸው አንጀቴን ይበሉታል።

ከእርሾ ሕዋስ ግድግዳ የሚሠራውን፣ ማናን ኦሊጎሳካራይድ የሚባለውን ፕሪባዮቲክ ገዛሁ። ለ100 ኪሎ መኖ 100 ግራም እያደረግኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ዶሮዋ ራሷ አትፈጨውም። እንደ ኢኮላይ ያሉ ባክቴሪያዎች አንጀቷ ላይ በመጣበቅ ፈንታ እሱ ላይ ተለጥፈው ከኩስ ጋር ይወጣሉ። ይሄ ገብቶኛል። ግን ኩሱ ያው ነው።

የምጠረጥረው አቀላቀሌን ነው። ዱቄቱን መኖው ክምር ላይ በትኜ በአካፋ አገላብጠዋለሁ። መጀመሪያ ከ5 ኪሎ መኖ ጋር በደንብ አሽቼ፣ ከዚያ ወደ ክምሩ ብጨምረው ይሻል ይሆን? ወይስ መኖው ላይ ጨው በዝቶ ውሃ እያበዙ ነው?

ስለ ቅርፊቱም ልጠይቅ። ጣይ ዶሮ በቀን 4 ግራም ገደማ ካልሲየም ትፈልጋለች። ለካልሲየም ብዬ የምሰጣቸው የኖራ ድንጋይ በጣም የላመ ነው። ከፊሉን ሻካራ ላድርገው?

ይሄ የገጠመው ሰው ካለ፣ በስንት ሳምንት ለውጥ እንዳየ ይንገረኝ።