ዕድራችን ለአእምሮ ሕሙማን ክትትል ገንዘብ ያውጣ ወይስ አያውጣ?

የዕድሩ ጸሐፊ፣ ፍኖተ ሰላም፦
ለክርክር የቀረበው ጉዳይ ይህ ነው። በአካባቢያችን የአእምሮ ሕሙማንን ቤት ለቤት እየዞረ የሚከታተል ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ድጋፍ ጠይቆናል። የጠየቀው ከእያንዳንዱ አባል በወር 5 ብር ነው። ሁለት የአእምሮ ሕክምና ነርሶች አሉት፤ መድኃኒት ያቋረጠውን ይፈልጋሉ፣ ቤተሰቡን ያስተምራሉ፣ የባሰበትን ወደ ሆስፒታል ይልካሉ። ውሳኔው በእሑዱ ጉባኤ ይሰጣል። እስከዚያ ሐሳባችሁን ጻፉ። የማንንም ሕመምተኛ ስምና ሰፈር እንዳትጠቅሱ አደራ።

የእህል ነጋዴ፣ የዕድሩ መሥራች አባል፦
እኔ አልስማማም። ይህ ዕድር የቆመው ለቀብርና ለልቅሶ ነው። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ድስቱም የተገዛው ለዚያ ነው። ዛሬ ለአእምሮ ሕመም ካወጣን ነገ ለስኳር፣ ከነገ ወዲያ ለኩላሊት እንጠየቃለን። ደግሞስ ሕክምና የመንግሥት ሥራ አይደለም? ግብር እንከፍላለን፣ በየዓመቱ የጤና መድኅን እንከፍላለን። ሌላም አለ፤ ሳልደብቅ ልናገር። በጎ አድራጊ ነን ብለው መጥተው፣ ፎቶ አንሥተው፣ ፕሮጀክቱ አለቀ ብለው የሄዱትን ሁላችንም እናውቃቸዋለን።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ ደብረ ማርቆስ፦
ጋሼ፣ ስለ ፕሮጀክት ያሉትን እኔም አውቀዋለሁ፤ እውነት ነው። የመንግሥት ሥራ ነው የሚለው ግን የሚደርሰው እስከ ጤና ጣቢያው በር ብቻ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተከፈተው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። የእኛ አገር ሰው የታመመበትን ይዞ ዓባይን ይሻገር ነበር፤ ከደብረ ማርቆስ እንኳ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዛሬ ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ሕክምናው አለ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም አገልግሎቱ እስከ ጤና ጣቢያ ይውረድ ብሎ ነበር። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፣ አላቃልለውም።

ነገር ግን ሥራዬን ልንገራችሁ። በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ ፍሉፌናዚን የሚባል የአእምሮ ሕመም መርፌ አለ። ታካሚው ሲሻለው ድኛለሁ ብሎ ይቀራል። ወይም አጨዳ ይደርስና የሚያመጣው ሰው ይጠፋል። ወይም መንገድ ይዘጋል፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ መንገድ መዘጋት ምን ማለት እንደሆነ ለጎጃም ሰው አላስረዳም። ከዚያ ሕመሙ ይመለሳል፤ ሲመለስ ደግሞ ሰውየው መታመሙን አይቀበልምና በራሱ እግር አይመጣም። እኛ ካርዱን አውጥተን «አልመጣም» ብለን እንጽፋለን። ያን ሰው ጎጆው ድረስ ሄዶ የሚጠይቀው የለም።

መሪጌታ፣ ደብረ ኤልያስ፦
ልጆቼ፣ ጠበል ቦታ ላይ የማየውን ልናገር። ከሩቅ አገር በሰንሰለት ታስረው የሚመጡ አሉ። የሚድን ይድናል፤ ሳይሻለው ወራት የሚከርምም አለ። እኔን የሚያስፈራኝ የሕክምና ሰዎች መጥተው ጠበሉን ኋላ ቀርነት ነው እንዳይሉ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሕመምተኛውንም ቤተሰቡንም ያጣል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል ለምእመናን ተናግረዋል። ለዚያ የተፈቀደ ለዚህ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም። በጾም ክኒን መዋጥ ያስገድፋል ብለው መድኃኒታቸውን የሚተዉ አሉ፤ የንስሐ አባታቸው ከቅዳሴ በኋላ፣ ማታም ቢሆን ዋጡ ቢላቸው ይሰማሉ። ስለዚህ ነርሶቹ አስቀድመው እኛን ያነጋግሩን። በአክብሮት ከመጡ የእኔን 5 ብር ጻፉት።

የታማሚ እኅት፣ የዕድሩ አባል፦
ይህን የምጽፈው ወንድሜ ፈቅዶልኝ ነው።

ሕመሙ የጀመረው አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ ነው። ማታ ማታ ከሰው ጋር ያወራል፤ ሰው ግን የለም። እናቴ የሰው ዓይን ነው አለች። ጠበል ወሰድነው፣ ሁለት ወር ተቀመጠ። ቀጥሎ ሆስፒታል ወሰድነው። መድኃኒት በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ተኛ፤ እናቴ በደስታ አምባሻ ጋግራ ለጎረቤት አደለች። መድኃኒቱ ግን እጁን ያንቀጠቅጠው፣ ምራቁን ያዝረበርበው ነበር። አፈረና ተወው። ይህ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፣ ይስተካከላል ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም። በስድስተኛው ወር የሰው ቤት በድንጋይ መታ።

አባቴ ያን ጊዜ ከጓዳ ጀርባ ካለው ምሰሶ ጋር አሰረው። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ እያለቀሰ ነው ያሰረው። ቀን ሁላችንም እርሻ ነን። ከወጣ ይገድላል፣ ካልሆነም ይገደላል ብሎ ፈራ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ታሰረ።

ዕድሩ ለሞት ነው ላሉት ጋሼ አንድ ነገር ላስታውስዎ። በዚያ መካከል አያታችን ዐረፈች። ድንኳን ተከላችሁልን፣ ሦስት ቀን አብራችሁን ተቀመጣችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ወንድሜ በዚያው ግቢ ውስጥ ታስሮ ነበር። ሲጮኽ የሰማችሁ አላችሁ። ለሞተችው አለቀስን፤ በሕይወት ስላለው ግን የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። አልቀየምኳችሁም። ብትጠይቁን ምን ብለን እንደምንመልስ እኛም አናውቅም ነበር።

አሁን ድጋፍ ከጠየቀው ድርጅት የመጣችው ነርስ የመጀመሪያ ቀን ስለ መድኃኒት አላነሣችም። ቡና ጠጣች፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ዞራ ወንድሜን በስሙ ጠራችው። ከዚያ በፊት ስሙን የጠራው ሰው መቼ እንደነበር አላስታውስም። መድኃኒቱን ሐኪም እንዲቀይረው አደረገች፤ በየሳምንቱም ተመለሰች። በአራተኛው ጊዜ አባቴ ማንም ሳያዝዘው ተነሥቶ ፈታው።

የሒሳብ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር፦
እኅቴ፣ አይዞሽ። እኔ የዚያው ሰፈር ልጅ ነኝ፤ በገንዘቡ ላይ ብቻ ልናገር። በዐዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ለአስተዳደር ሥራ የሚያውለው ወጪ ከጠቅላላ ወጪው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ሰነዱን መጠየቅ ነውር አይደለም። የምዝገባ ፈቃዱን፣ የኦዲት ሪፖርቱን እንይ። ገንዘቡ ከዕድሩ ሒሳብ በሦስት ወር አንድ ጊዜ ይውጣ፤ ሪፖርት ካልመጣ ቀጣዩ አይለቀቅ።

የእህል ነጋዴ፦
እኅታችን፣ በዚያ ልቅሶ ላይ ነበርኩ። ድምፁን ሰምቻለሁ። ውሻ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ይህን ለመጻፍ ከትናንት ጀምሮ ስታገል ነው የዋልኩት።

ግን ሐሳቤን ሙሉ በሙሉ አልቀየርኩም። ገንዘቡን መድኃኒት እንግዛበት። መድኃኒት ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ደረሰኝ አለው። ለሰው ደመወዝ መክፈል ከጀመርን መውጫ የለንም። ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም ደብዳቤ እንጻፍ፤ እኛ ስለረዳን እነሱ እፎይ እንዳይሉ።

ነርሷ ከደብረ ማርቆስ፦
ደብዳቤው ይጻፍ፤ ደግሞም ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲያልቅበት መድኅን የከፈለ ሰው እንኳ ባዶ እጁን እንደሚመለስ ይጠቀስበት። በመድኃኒቱ ላይ ግን እለያለሁ። ሃሎፔሪዶልም ክሎርፕሮማዚንም የሚባሉት የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የቆዩ ናቸው፤ ከዋጋቸው ይልቅ ከሩቅ ቀበሌ ለሚመጣ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የመኪናው ኪራይ ይከብዳል። የጎደለን የሚሄድ ሰው ነው። በጉራጌ በሶዶ ወረዳና አካባቢው ተጠንቶ በ2014 ዓ.ም. የታተመ ሥራ አለ። የስኪዞፍሬንያ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማ፣ ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም) ሕሙማንን የሠለጠኑ የአካባቢው ሠራተኞች ለአንድ ዓመት ያህል ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ሲከታተሏቸው፣ ጤና ጣቢያ ብቻ ከሚከታተላቸው ይልቅ ለዕለት ኑሯቸው የተሻለ ይበቁ ነበር። ለሁለቱም ወገን መድኃኒት ነበረ። ልዩነቱን ያመጣው ደጃፋቸው የደረሰው ሰው ነው።

የእህል ነጋዴ፦
እንግዲያውስ ለአንድ ዓመት ይሁን፤ ከዚያ በኋላ እንደገና እንምከር። የሒሳቡ ልጅ ያለው በሦስት ወር የመክፈሉ ነገር ግን ይጻፍልኝ። ለዓመት ከሆነ እጄን አነሣለሁ።

የታማሚ እኅት፦
ወንድሜ ካለፈው መስከረም ጀምሮ በራሱ ስም የዕድሩ አባል ነው፤ መዋጮውን የሚከፍለው በግ አደልቦ ከሸጠው ነው። እሑድ ይመጣል። ምን እንደሚጠቅም እኔን ወይም ነርሷን ከምትጠይቁ እሱን ጠይቁት። ድንኳን መትከል ካለ ደግሞ ቀድሞ እንዲመጣ ንገሩኝ፤ ሲጠሩት ደስ ይለዋል።