ለሰርግ ፎቶ ማክቡክ ኤር ኤም1 ወይስ ጌሚንግ ላፕቶፕ? ሶፍትዌሩስ?

የሐዋሳው ካሜራ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ካሜራዬ ካኖን 6ዲ ማርክ 2 ነው፤ የማነሳው በራው (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ብቻ ነው። አንድ ሰርግ ከነመልሱ ከ2,000 እስከ 2,500 ፎቶ ይወጣዋል። አሁን የምሠራበት ላፕቶፕ ኮር አይ5 8ኛ ጀነሬሽን፣ 8 ጊጋ ራም፣ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ነው። የአዶቤ ፎቶ ማረሚያ በሆነው ላይትሩም ክላሲክ ላይ ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው ስሄድ ምስሉ ጥርት እስኪል ያስጠብቃል፤ ማስክ (የፎቶውን አንድ ክፍል ብቻ ለይቶ ማረሚያ) ስጨምርማ ጭራሽ ይቆማል። ዋጋቸው የተቀራረበ ሁለት አማራጭ አግኝቻለሁ፦ ስላይትሊ ዩዝድ ማክቡክ ኤር ኤም1፣ 8 ራም፣ 256 ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ)፤ ወይም አዲስ ጌሚንግ ላፕቶፕ፣ አርቲኤክስ 3050 ግራፊክስ ካርድ ባለ 4 ጊጋ፣ 16 ራም፣ 512 ኤስኤስዲ። አልበም ስለማሳትም ቀለሙ ትክክል መሆን አለበት። ሌላው፣ ለአዶቤ በየወሩ መክፈል ከብዶኛል። ክራክ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተሰበረ ቅጂ) ከመጫን ሌላ ምን መንገድ አለ?

ኤስኤስዲ ይቅደም

ወንድሜ፣ አንዱንም ሳትገዛ መጀመሪያ ያለህን ላፕቶፕ እይ። እንደገለጽከው ከሆነ ሥራህን ያነቀው ፕሮሰሰሩ ሳይሆን ሃርድ ዲስኩና ራሙ ነው። ላይትሩም ካታሎጉን (የፎቶዎቹንና የእርማቶቹን መዝገብ)፣ ፕሪቪውዎቹንና የካሜራ ራው ካሹን (ጊዜያዊ ፋይሎቹን) በአንድ ጊዜ ያነባል፣ ይጽፋል። ሃርድ ዲስክ ደግሞ በተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎች ላይ በጣም ቀርፋፋ ነው። 8 ጊጋው ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደዚያው ዲስክ ይገለብጠዋል፤ ማስክ ስትጨምር የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫንና ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ ግባ። ከሁለት የራም ማስገቢያ አንዱ ብቻ መያዙን ካየህ ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 የላፕቶፕ ራም ጨምረህ 16 ታደርሰዋለህ። በሃርድ ዲስኩ ቦታ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ፣ ቢቻል 1 ቴራ፣ ይገባል። ማዘርቦርዱ የኤም2 ማስገቢያ (የትንሹ ጠፍጣፋ ኤስኤስዲ ቦታ) ካለው ኤንቪኤምኢ የሚባለውን ፈጣኑን ዓይነት መቀበሉን አረጋግጥ፤ ሳታ ብቻ የሚቀበሉ አሉ፣ ሁለቱ በመልክ ስለሚመሳሰሉ ተሳስቶ መግዛት ቀላል ነው።

ይህ የማይፈታልህ አንድ ነገር አለ፤ የላይትሩም ኤአይ ዲኖይዝ (በጨለማ የተነሳ ፎቶ ላይ የሚታየውን ነጠብጣብ ማጽጃ)። እሱ የሚሠራው በግራፊክስ ካርድ ነው፤ ራሱን የቻለ ካርድ ከሌለህ አንድ ፎቶ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል። አዳራሽ ውስጥ ያለ ፍላሽ በአይኤስኦ 6400 እያነሳህ በመቶ የሚቆጠር ፎቶ የምታጸዳ ከሆነ ባለ 3050ው ዋጋው ይገባዋል። 4 ጊጋው ዝቅተኛ ነው፣ ግን ይሠራል። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ስትሠራ ግን ካርዱ ኃይሉን እንደሚቀንስ እወቅ።

ማክቡኩ ስክሪኑም ባትሪውም ግሩም ነው። ችግሩ 8 ጊጋውን ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ ይጋሩታል፣ ኋላ መጨመርም አይቻልም። የአንተ ራው ፋይል አንዱ ወደ 32 ሜጋ ነው፤ 2,500 ሲሆን 80 ጊጋ። 256ቱ ሦስተኛውን ሰርግ ሳያስገባ ይሞላል። ማክ ከሆነ ባለ 16ቱን ፈልግ። ዩዝድ ማክ ስትገዛ ሻጩ ፊትህ ሙሉ በሙሉ አጥፍቶት እንደ አዲስ ያስጀምረው፣ ዋይፋይ ይገናኝ። የቀድሞ ባለቤቱን አፕል አካውንት ከጠየቀ ወይም ሪሞት ማኔጅመንት የሚል ገጽ ከመጣ የተቆለፈ ወይም የድርጅት ንብረት ነውና ተወው።

ወረቀትና ብርሃን

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ግን አልበም የሚያሳትም ሰው ከሁሉ በፊት ገንዘቡን ስክሪን ላይ ማዋል አለበት። ዋጋቸው ዝቅ ያሉ ጌሚንግ ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ የሚመጡት 45 በመቶ ኤንቲኤስሲ በሚባል ፓኔል ነው። ይህ ኤስአርጂቢ ከሚባለው የተለመደ የቀለም ክልል 60 በመቶ ገደማ ብቻ ያሳያል። ቀዩና ብርቱካናማው ፈዞ ስለሚታይህ ሳቹሬሽን ትጨምራለህ፤ ሲታተም የሙሽሮቹ ፊት ቀይ ይሆናል። ሻጩ የፓኔሉን ነገር ካላወቀ ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭነህ ሞኒተር በሚለው ክፍል የፓኔሉን ቁጥር አውጣና ኢንተርኔት ላይ ፈልገው። 72 በመቶ ኤንቲኤስሲ ወይም 100 በመቶ ኤስአርጂቢ ካላለ ለህትመት አይሆንም።

ባለ 24 ኢንች አይፒኤስ ሞኒተር፣ 99 በመቶ ኤስአርጂቢ የሚል፣ ከየትኛውም አዲስ ላፕቶፕ በጣም ይረክሳል፤ ካለህ ላፕቶፕ ጋር በኤችዲኤምአይ ይገናኛል።

«ህትመቱ ጠቆረብኝ» የሚባለው ቅሬታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የማተሚያ ቤቱ ጥፋት አይደለም። ስክሪኑ ብርሃኑ 100 ላይ ስለሆነ ፎቶው ከሆነው በላይ ደምቆ ይታያል፤ በተለይ የጠይም ቆዳ ጥላ ያለበት ጎን በቂ ብርሃን ያለው ይመስልሃል፣ ሲታተም ይዋጣል። ለህትመት የሚመከረው የስክሪን ብርሃን ከ80 እስከ 120 ካንዴላ በካሬ ሜትር ነው። መለኪያው፣ ስፓይደርም ሆነ ካሊብራይት፣ ውድ ከሆነብህ ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር አዋጥታችሁ አንድ ግዙ፤ በየወሩ አንዴ መለካት ይበቃል። እስከዚያ ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን አቁመህ፣ ባዶ ነጭ ገጽ ከፍተህ፣ ሁለቱ እኩል እስኪመስሉ ብርሃኑን ቀንስ። መስኮት ፊት ለፊት ወይም ከጀርባህ እያለ አትሥራ።

የሐበሻ ቀሚስና የነጠላ ነጭን በዓይንህ ብቻ አትመን። የላይትሩም ማረሚያ ገጽ በሆነው ዴቨሎፕ ውስጥ ጄ ፊደልን ተጫን፤ ቀይ የሆነው ቦታ ድርና ማጉ የጠፋበት ነው። ሃይላይት ቀንሰህ ካልተመለሰ ሲነሳ ተቃጥሏል። ኤክስፖርት ስታደርግ ማተሚያ ቤቱ የራሱን የቀለም ፕሮፋይል ካልሰጠህ በስተቀር ኤስአርጂቢ አድርገው፤ ሰፋ ያለውን የቀለም ክልል አዶቤ አርጂቢን ልከህ ማሽኑ ካላወቀው ቀለሙ ሞቶ ይወጣል።

ክፍት ምንጭ

ስለ ሶፍትዌሩ። ክራኩን ተወው። አብዛኞቹ መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ ይሉሃል፤ ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ የሚባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በሰፊው የተዛመተው በእንዲህ ዓይነት ፕሮግራሞች ነው። የሰው ሰርግ በአደራ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ይህን ማድረግ አይገባም።

ስትመርጥ «2,500 ፎቶ ቶሎ ያስመርጠኛል ወይ? የአንዱን ቀለም ለ200 ፎቶ በአንዴ ያስተላልፍልኛል ወይ?» ብለህ ጠይቅ። በዚህ ላይትሩም ክላሲክ ጎበዝ ነው። ኢምፖርት ሲደረግ ቢልድ ፕሪቪውስ ላይ ኢምቤድድ ኤንድ ሳይድካር የሚለውን ምረጥ፤ ካሜራው ራው ውስጥ ያስቀመጠውን ጄፔግ ስለሚጠቀም ሳትጠብቅ መምረጥ ትጀምራለህ። ለተመረጡት ብቻ ስማርት ፕሪቪው (የራው አነስተኛ ቅጂ) ሥራና ፕሪፈረንስስ፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ በኦሪጅናሉ ፈንታ በእሱ እንዲያርም አድርግ። ሹልነትና ኖይዝ ስታስተካክል ግን አጥፋው፤ ረጅም ጎኑ 2,560 ፒክስል ብቻ ስለሆነ ያሳስትሃል።

ለላይትሩም ለመክፈል በውጭ ምንዛሬ የሚሠራ ካርድ ይፈልጋል። በየወሩ የሚከፈለው ዕቅድም ብዙ ጊዜ የዓመት ውል ነው፤ መሃል ላይ ስታቋርጥ የማቋረጫ ክፍያ ይጠይቃል። ካቆምክ ዴቨሎፕ ይቆለፋል፤ ላይብረሪው ግን ይከፈታል፣ የሠራኸውንም ኤክስፖርት ማድረግ ትችላለህ።

ነፃ ከተፈለገ ዳርክቴብል ነው። ራው ሲከፈት ከካሜራው ጄፔግ ይልቅ ደብዘዝ ብሎ ስለሚታይ ብዙዎች ተበላሸ ብለው ይሸሹታል፤ መጀመሪያ ኤክስፖዠርን (ብርሃኑን)፣ ቀጥሎ ሲግሞይድን (የብርሃንና የጥላ ንፅፅሩን) አስተካክል። የአንዱን ፎቶ ሥራ በኮንትሮል ሲ ቀድተህ በኮንትሮል ቪ ለመቶዎቹ ትለጥፋለህ። በላይትሩም የሠራኸው ግን አብዛኛው ወደዚህ አይዛወርም፤ የጀመርካቸውን ሰርጎች እዚያው ጨርስ። የካኖን የራሱ ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናልም በካሜራህ መለያ ቁጥር በነፃ ይወርዳል፤ የካኖንን ቀለም እንዳለ ይሰጣል፣ ለብዙ ፎቶ ግን ዘገምተኛ ነው። ፊት ለማጽዳትና አልበም ገጽ ለማቀናበር የዲዛይን ድረ ገጹ ካንቫ ከገዛው በኋላ በነፃ የሚሰጠው አፊኒቲ የሚባል ፕሮግራም ይበቃል፤ የካንቫ አካውንት ብቻ ይጠይቃል።

የሐዋሳው ካሜራ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። ስለዚህ ራም፣ ኤስኤስዲና ሞኒተር ገዝቼ ላፕቶፑን አቆየዋለሁ። ከላፕቶፑ የሚወጣውን ሃርድ ዲስክ ምን ላድርገው?

ኤስኤስዲ ይቅደም

በዩኤስቢ ኬዝ አስገብተህ ማኅደር አድርገው፤ ግን ብቻውን አትመነው። ካታሎጉና በእጅህ ያለው ሰርግ ኤስኤስዲው ላይ ይሁኑ፤ ያለቀው ሰርግ በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ይቀመጥ፣ አንዱ ሌላ ቤት። መጀመሪያ ክሪስታልዲስክኢንፎን ጭነህ ጤናውን ተመልከት፤ ቢጫ ካሳየህ አትጠቀምበት። ላይትሩም ሲዘጋ የሚሠራው ባክአፕ ደግሞ ካታሎጉን ብቻ እንጂ ፎቶዎቹን አይዝም፤ ካልቀየርከውም እዚያው ካታሎጉ ፎልደር ውስጥ ይጽፈዋል። ባክአፕ ልሥራ ብሎ ሲጠይቅህ ቦታውን ወደ ውጭው ዲስክ ለውጠው። የካሜራውን ካርድም ፎቶዎቹን ከሁለቱም ቅጂ ከፍተህ ሳታይ ፎርማት አታድርግ።